ትንሹ ሰውና መቶ ሣጥኖቹ፦ ለፕሮግራም ትምህርት የሚሆን ፕሮሰሰር በብሮውዘር ውስጥ ስለ መትከል

ከመካከላችን ፕሮግራም መጻፍ የተማረ ሁሉ አንዱ ቁጥር በሌላው ላይ እንዲደመር ማዘዝ ያውቃል። ቁጥሩ ግን በዚያ ጊዜ የት እንደ ተቀመጠ፥ ማን ከየት አንሥቶ የት እንዳኖረው፥ ማሽኑም ከአንዱ ትእዛዝ ወደሚቀጥለው እንዴት እንደሚሻገር ቢጠየቅ የብዙው ተማሪ መልስ ዝምታ ነው። በፈተና ወረቀት ላይ «ቆጣሪ ማለት የሚቀጥለውን ትእዛዝ አድራሻ የሚይዝ ሬጂስተር ነው» ብሎ መጻፍና ያንኑ ቆጣሪ ሲንቀሳቀስ ማየት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ያላየው ሰው ፕሮግራሙ በተበላሸበት ጊዜ፥ ሬዲዮው ሲንኮሻኮሽበት በመዳፉ እንደሚመታ ሰው፥ መስመር ከመስመር እየለዋወጠ ዕድሉን ይሞክራል።

የዚህ ጉድለት ምክንያት የተማሪው ስንፍና ነው ለማለት አልደፍርም። እውነተኛው ፕሮሰሰር ለዐይን የሚመች ነገር አይደለም። ትንሽ የሲሊከን ቁራጭ ነው፤ በአንድ ሰከንድ ውስጥ በቢሊዮን የሚቈጠር ምት ይመታል፤ በውስጡ የሚሆነውን የሚያሳይ መስኮት የለውም። ለማስተማሪያ ተብለው የሚሸጡት የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳዎችም በውጭ ምንዛሪ የሚገዙ ስለ ሆኑ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንዳንድ ሊደርስ አይችልም፤ ሁለቱ ሲነኩ የቀሩት ከኋላ ቆመው ይመለከታሉ።

ማሽኑን ራሱን በእጅ ማድረግ ካልተቻለ ግን ማሽኑን የሚመስል ሌላ ማሽን በፕሮግራም መሥራት ይቻላል። ይህም ኢሙሌተር ይባላል። በአማርኛ «አስመሳይ» ብንለው በወደድን ነበር፤ ነገር ግን ቃሉ በእኛ ዘንድ ስሙ የከፋ ነው። ኢሙሌተሩ ከእውነተኛው ማሽን ይልቅ ግልጽ ነው፤ ሆዱን ከፍቶ ያሳያልና።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አንድ ማሽን የሌላውን ማንኛውንም ማሽን ሥራ ሊሠራ እንደሚችል እንግሊዛዊው አለን ቱሪንግ በ1936 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ባቀረበው ጥናት አስረድቷል። አይ ቢ ኤም የተባለው ኩባንያ በሚያዝያ 1964 ሲስተም 360 የተባሉትን ኮምፒዩተሮች ባስተዋወቀ ጊዜ ደንበኞቹ በቀድሞዎቹ ማሽኖች የጻፏቸው ፕሮግራሞች እንዳይቀሩባቸው፥ አዲሱ ማሽን አሮጌውን መስሎ እንዲሠራ አድርጎት ነበር። ለእኛ ይበልጥ የሚስማማው ግን የ1975 ታሪክ ነው። በዚያ ዓመት አልቴር 8800 የተባለ ትንሽ ኮምፒዩተር በአሜሪካ ለገበያ ሲቀርብ፥ ፖል አለንና ቢል ጌትስ ቤዚክ የተባለውን ቋንቋ ሊጽፉለት ተነሡ። አልቴር ግን በእጃቸው አልነበረም። ስለዚህ አለን በሀርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በነበረው ፒ ዲ ፒ 10 በተባለው ትልቅ ኮምፒዩተር ላይ የኢንቴል 8080ን ፕሮሰሰር የሚመስል ፕሮግራም ጻፈ፤ ቤዚካቸውንም በዚያ ላይ እያሠሩ ፈተኑት። አለን የተቀዳውን የወረቀት ጥብጣብ ይዞ ወደ አልበከርኪ በረረ፤ አልቴርን በእጁ ያገኘው ያን ጊዜ ነው። ማሽኑም 2 ሲደመር 2 ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ 4 ብሎ መለሰ። እንግዲህ የፕሮሰሰር እጥረት ፕሮግራም ከመጻፍ የሚያግድ ምክንያት እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

ያን ጊዜ ኢሙሌተር ለመሥራት የዩኒቨርሲቲ ትልቅ ኮምፒዩተር አስፈልጎ ነበር። ዛሬ ግን በኪሳችን ያለው ስልክ ይበቃል፤ ምክንያቱም በስልኩም በኮምፒዩተሩም ላይ ያለው ብሮውዘር ጃቫስክሪፕት የተባለውን ቋንቋ አንብቦ ይፈጽማል። ይህን ቋንቋ ብሬንዳን አይክ በ1995 በኔትስኬፕ ኩባንያ ውስጥ ሲጀምረው የገጾች ማስዋቢያ እንዲሆን ነበር። ይሁን እንጂ በ2011 ፈረንሳዊው ፋብሪስ ቤላር አንድ ሙሉ ኮምፒዩተር በዚሁ ቋንቋ አስመስሎ ሊኑክስን በብሮውዘር ውስጥ አስነሥቶበታል። ስለዚህ የመሣሪያው ዐቅም አያሳስበንም። የሚያሳስበን የትኛውን ፕሮሰሰር እንምሰል የሚለው ነው።

አንዳንዶች ወዲያውኑ ወደ እውነተኛው ፕሮሰሰር መሄድ ይፈልጋሉ። ለምሳሌ 6502 የተባለው በ1975 በ25 ዶላር የተሸጠው ፕሮሰሰር መልካም አስተማሪ ነው፤ አፕል 2 የተባለው የ1977 ኮምፒዩተር በእርሱ ይሠራ ነበር። ነገር ግን 56 ዓይነት ትእዛዞችና 65,536 የማኅደር ቦታዎች አሉት፤ ቁጥሩም በሁለትዮሽና በዐሥራ ስድስትዮሽ የሚነበብ ነው። ጀማሪው ተማሪ ቁጥሩን ከአንዱ ሥርዐት ወደ ሌላው ሲገለብጥ ጊዜው ያልቅና ዋናው ነገር ይሸሸዋል። በበኩሌ መጀመሪያው የትንሹ ሰው ኮምፒዩተር እንዲሆን እመርጣለሁ። ይህን ማሽን ስቱዋርት ማድኒክ በ1965 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ለማስተማሪያ አወጣው። እንደ 6502 በሲሊከን ተሠርቶ አልተሸጠም፤ በሐሳብ ያለ ፕሮሰሰር ነው። ሆኖም በእውነተኛው ፕሮሰሰር ውስጥ ያሉት ዋና ዋና ክፍሎች ሁሉ አሉበት፤ ቁጥሩም ከገበያ ቁጥር የማይለይ የዐሥር ሥርዐት ነው።

ማሽኑ እንዲህ ያለ ነው። በአንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ አንድ ትንሽ ሰው ይኖራል። በግድግዳው ላይ ከ00 እስከ 99 ቁጥር የተሰጣቸው መቶ የፖስታ ሣጥኖች አሉ። እኛ አገር ደብዳቤ በፖስታ ሣጥን ቁጥር የሚደርስ ስለ ሆነ ይህ ምሳሌ ከፈለሰፉት ሰዎች ይልቅ ለእኛ ይቀርባል። ነገር ግን እያንዳንዱ ሣጥን ባለ ሦስት አኀዝ አንድ ቁጥር ብቻ ይይዛል። አዲስ ቁጥር ሲገባበት አሮጌው ይጠፋል፤ የተነበበ ጊዜ ግን ቅጂው ይወሰዳል እንጂ ቁጥሩ ከሣጥኑ አይወጣም። (ይህን አንድ ነገር በሚገባ የያዘ ተማሪ በኋላ ስለ ተለዋዋጮች ብዙ አይደናገርም።) በጠረጴዛው ላይ አንዲት የሂሳብ መኪና አለች፤ በእርሷም ላይ የሚታየው ቁጥር አንድ ብቻ ነው። ከበሩ አጠገብ እንደ ማንኛውም መሥሪያ ቤት ገቢና ወጪ የተባሉ ሁለት ቅርጫቶች አሉ። በግድግዳው ላይ ደግሞ ባለ ሁለት አኀዝ ቆጣሪ ተሰቅሏል። ትንሹ ሰው አስተዋይ አይደለም፤ ታማኝ ነው። ቆጣሪውን ያያል፤ ያን ቁጥር ወዳለው ሣጥን ይሄዳል፤ ያገኘውን ይፈጽማል፤ ይህንኑ ሲደጋግም ይኖራል።

ትእዛዝ ማለት በሣጥኑ ውስጥ ያለው ባለ ሦስት አኀዝ ቁጥር ነው። የመጀመሪያው አኀዝ ሥራውን፥ የቀሩት ሁለቱ የሣጥኑን አድራሻ ይናገራሉ። 542 ቢል፥ በ42 ቁጥር ሣጥን ያለውን ወደ ሂሳብ መኪናዋ ጫን ማለት ነው። ለእያንዳንዱም ሥራ የአማርኛ ስም እንሰጠዋለን፦

1 ደምር
2 ቀንስ
3 አኑር
5 ጫን
6 ሂድ
7 ባዶሲሆን
8 ሳይጎድል
901 ተቀበል
902 አውጣ
000 አቁም

«ሂድ» ቆጣሪውን ወደ ተጻፈው አድራሻ ያዞረዋል። «ባዶሲሆን» እንዲሁ ያደርጋል፤ ነገር ግን በሂሳብ መኪናዋ ላይ ዜሮ ሲታይ ብቻ ነው። «ሳይጎድል» ደግሞ ውጤቱ ከዜሮ በታች ባልወረደ ጊዜ ነው። ሁለት ሁለት ቃላት የነበሩት ተያይዘው የተጻፉት በቃልና በአድራሻ መካከል ያለው ክፍት ቦታ ለማሽኑ መለያ ስለሚሆን ነው። «ደምር» ለምን «ደምሪ» አልተባለም ለሚሉ እኅቶቻችን፥ ትእዛዙ የሚሰጠው ለትንሹ ሰው መሆኑን አመለክታለሁ። 4 ቁጥር ሥራ አልተሰጠውም፤ ወደ እርሱ በኋላ እንመለሳለን።

ይህ ማሽን ማባዛት አያውቅም፤ ስለዚህ መደመርን በመደጋገም እንዲያባዛ እናስተምረው። ፕሮግራሙ ይኸውና፤ የመጀመሪያው ቁጥር የሣጥኑ፥ ሁለተኛው በሣጥኑ ውስጥ የሚገባው ነው፦

00 901 ተቀበል
01 315 አኑር ተባዢ
02 901 ተቀበል
03 316 አኑር አባዢ
04 516 ዙር፦ ጫን አባዢ
05 712 ባዶሲሆን መጨረሻ
06 218 ቀንስ አንድ
07 316 አኑር አባዢ
08 517 ጫን ብዜት
09 115 ደምር ተባዢ
10 317 አኑር ብዜት
11 604 ሂድ ዙር
12 517 መጨረሻ፦ ጫን ብዜት
13 902 አውጣ
14 000 አቁም
15 000 ተባዢ
16 000 አባዢ
17 000 ብዜት
18 001 አንድ

በገቢ ቅርጫት 7 እና 3 ይግቡ። አባዢው 3 ስለ ሆነ ዙሩ ሦስት ጊዜ ይዞራል፤ በብዜት ሣጥን ውስጥ 7፥ ከዚያ 14፥ ከዚያ 21 ይታያል፤ አባዢው ባዶ ሲሆን ትንሹ ሰው ወደ 12 ይሄድና 21ን በወጪ ቅርጫት ያኖራል። አሁን የፈጸማቸውን ትእዛዞች እንቁጠር። መግቢያው 4፥ እያንዳንዱ ዙር 8፥ መውጫው 5 ነው፤ በጠቅላላው 33 ይሆናል። ቅደም ተከተሉን ለውጠን 3 እና 7 ብናስገባስ? መልሱ ያው 21 ነው፤ ትእዛዞቹ ግን 65 ይሆናሉ። በሂሳብ ደብተር ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ለትንሹ ሰው እግር ግን አንድ አይደሉም። ስለ ፕሮግራም ፍጥነት ብዙ ገጽ ከማንበብ በፊት ይህን በዐይን ማየት ይሻላል። ስለዚህ በኢሙሌተሩ ገጽ ላይ የትእዛዞች መቁጠሪያ መኖሩን እንደ ጌጥ አልመለከተውም።

ወደ ሥራው እንግባ። የሚያስፈልገው አንድ የኤችቲኤምኤል ፋይል ብቻ ነው። በገጹ ላይ አንድ መጻፊያ ቦታ፥ ዐሥር በዐሥር የሆነ የሣጥኖች ሠንጠረዥ፥ የሂሳብ መኪናዋና የቆጣሪው ማሳያ፥ ገቢና ወጪ ቅርጫቶች፥ እንዲሁም «ጫን»፥ «አንድ እርምጃ»፥ «አስኪድ»፥ «አቁም» እና «ከመጀመሪያ» የሚሉ ቁልፎች ይቀመጣሉ። በፕሮግራሙ ውስጥ ማሽኑ ማለት መቶ ቁጥሮች የያዘ አንድ ድርድርና ሁለት ተለዋዋጮች ናቸው፤ ከዚህ የበለጠ ነገር የለውም። ጃቫስክሪፕት የተለዋዋጮችን ስም በፊደላችን መጻፍ ስለሚፈቅድ «ሣጥን»፥ «መኪና»፥ «ቆጣሪ» ብሎ መሰየም ይቻላል። የቋንቋው የራሱ ቃላት ግን በላቲን እንደ ሆኑ ይቀራሉ።

የፕሮሰሰሩ ልብ እነዚህ አራት መስመሮች ናቸው፦

ትእዛዝ = ሣጥን [ቆጣሪ]
ቆጣሪ = ቆጣሪ + 1
ሥራ = ትእዛዝ ለ100 ሲካፈል የሚደርሰው ሙሉ ቁጥር
አድራሻ = ትእዛዝ ለ100 ሲካፈል የሚተርፈው

ከዚያ ወዲያ ያለው በሥራው ቁጥር እየመረጡ መፈጸም ነው። ቆጣሪው ትእዛዙ ከመፈጸሙ አስቀድሞ አንድ መጨመሩን አንባቢ ልብ ይበል። ከተፈጸመ በኋላ ብንጨምረው «ሂድ 04» የተባለው ሰው 04 ላይ ደርሶ ወዲያው ወደ 05 ይገፋ ነበር። ይህን ቅደም ተከተል ራሱ ጽፎ ያየ ተማሪ ከፈተናው በኋላም አይረሳውም።

በዚህ ላይ ሁለት ወጥመዶች አሉ። የመጀመሪያው ብሮውዘሩ ነው። «አስኪድ» የተባለውን ቁልፍ ትእዛዝ እስኪያልቅ ድረስ በሚዞር ቀጥተኛ ዙር የጻፍነው እንደ ሆነ፥ ብሮውዘሩ ፕሮግራሙ እስኪያበቃ ገጹን አይሥልም፥ ቁልፍም አይሰማም፤ ሁለቱንና ጃቫስክሪፕቱን የሚያስኬደው አንዱ እጅ ነውና። ተማሪው ማለቂያ የሌለው ዙር የጻፈ ዕለት (ሁላችንም አንድ ቀን እንጽፋለን) ገጹ ድርቅ ብሎ ይቀራል፤ «አቁም» የሚለውም ቁልፍ ዋጋ አይኖረውም። ስለዚህ በሰዓት ጠሪ መጠቀም ያስፈልጋል፤ አንድ ትእዛዝ ፈጽሞ ለብሮውዘሩ ተራውን ይለቅቃል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደ ገና ይጠራል። በየሩብ ሰከንዱ አንድ ትእዛዝ ቢፈጸም ከላይ ያለው የማባዛት ሥራ ስምንት ሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ ለዐይንም ይመቻል። «ተቀበል» የሚለው ትእዛዝ ሲደርስና የገቢ ቅርጫቱ ባዶ ሲሆንም እንዲሁ ሰዓቱ ቆሞ ሰውየው ቁጥር እስኪሰጠው መጠበቅ አለበት።

ሁለተኛው «ከመጀመሪያ» የሚለው ቁልፍ ነው። ቆጣሪውን ብቻ ወደ 00 የመለስነው እንደ ሆነ ሣጥን 17 ውስጥ ያለው 21 እንዳለ ይቀራል፤ 7 እና 3 በድጋሚ ቢገቡ መልሱ 42 ይወጣል። ስለዚህ ቁልፉ ሣጥኖቹን በሙሉ ከጽሑፉ አዲስ መሙላት አለበት። መምህር የሆነ ሰው ግን ተማሪዎቹ ይህን 42 አንድ ጊዜ እንዲያዩት ቢያደርግ አልቃወምም፤ መፍትሔውም በፕሮግራሙ መጀመሪያ ላይ የብዜትን ሣጥን ባዶ ማድረግ መሆኑን ራሳቸው ይደርሱበታል።

ቃሉን ወደ ቁጥር የሚለውጠው ክፍል አሴምብለር ይባላል፤ ጽሑፉንም ሁለት ጊዜ ማንበብ ይገባዋል። በአምስተኛው ሣጥን «ባዶሲሆን መጨረሻ» የሚል አለ፤ «መጨረሻ» የተባለው ስም ግን በ12 ቁጥር ገና አልተነገረም። ስለዚህ በመጀመሪያው ንባብ መስመሮቹን እየቈጠረ እያንዳንዱ ስም የሚውልበትን ሣጥን ይመዘግባል፤ በሁለተኛው ንባብ መዝገቡን እያየ ይተረጕማል። ያልተመዘገበ ስም ባገኘ ጊዜ የመስመሩን ቁጥርና «ይህን ስም አላውቀውም» የሚል ቃል በአማርኛ ማሳየት አለበት። በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ የስሕተት ማስታወቂያ አንብቦ እንዳልገባው ለጓደኛው መንገር የሚያፍር ተማሪ ስንት ነው!

አሁን በውጭ አገር መጻሕፍት ወደማይገኘው ችግር ደረስን፤ እርሱም ፊደላችን ነው። አንዱ «አቁም» ብሎ ይጽፋል፤ ሌላው «ዐቁም»፤ ሁለቱም ትክክል ጻፍን ይላሉ። ለኮምፒዩተሩ ግን አ እና ዐ እንደ ሰማይና ምድር የተራራቁ ናቸው። «ፀሐይ» ብሎ ሣጥን የሰየመ ተማሪ አምስት መስመር ወርዶ «ጸሀይ» ብሎ ሲጠራው ማሽኑ አላውቀውም ይለዋል። ደግነቱ ፊደላችን በ1999 በዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ በገባ ጊዜ ቤቶቹ በሥርዐት ስለ ተደረደሩ መፍትሔው ቀላል መቀነስ ነው። የሀ ቁጥር 4608፥ የሐ 4624፥ የኀ 4736 ነው፤ የአ 4768፥ የዐ 4816 ነው። በየቤቱም ከግእዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ተከታትለው ስለ ተቀመጡ፥ ከዐ ቤት ማንኛውም ፊደል 48 ሲቀነስ የአ ቤት አቻው ይመጣል፤ ከሐ ቤት 16፥ ከኀ ቤት 128፥ ከፀ ቤት 8 መቀነስ ነው። በሠ ቤት ላይ ግን 16 ሲደመር የሰ ቤት ይሆናል። አሴምብለሩ ቃሉን ከመመርመሩ በፊት ይህን ካደረገ፥ ሃን ወደ ሀ፥ ኣንም ወደ አ ከመለሰ ክርክሩ ያበቃል። የፊደልን አመጣጥ የሚያከብሩ ወዳጆቼ አይቈጡኝ፤ ጽሑፉ በገጹ ላይ እንደ ተጻፈ ይቀራል፤ የሚለወጠው ማሽኑ ለራሱ የሚይዘው ቅጂ ብቻ ነው። ከስም በኋላ የሚመጣውንም ነጥብ በ«፦»፥ በ«፡»፥ ወይም በላቲኑ ሁለት ነጥብ ቢጻፍ መቀበል ይገባል።

አኀዙን ግን በግእዝ ማድረግ አልተቻለም፤ ምክንያቱም የግእዝ አኀዝ ዜሮ የለውም። ሣጥን 00 ያለ ስም ይቀር ነበር፤ ሥራውንና አድራሻውን በአኀዝ ቦታ መለየትም አይሆንም።

ከዜሮ በታች የወረደ ቁጥርስ? 3 ላይ 5 ቢቀነስ በሂሳብ መኪናዋ ምን ይታያል? ሣጥኑ ከ000 እስከ 999 ያለውን ብቻ የሚይዝ ስለ ሆነ፥ ማሽኑን የሠሩት ሰዎች በዚህ ላይ የተለያየ ውሳኔ አድርገዋል፤ አንዳንዱ የመቀነስ ምልክት ይፈቅዳል። እኔ የምመርጠው ቁጥሩ እንደ መኪና ኪሎሜትር መቁጠሪያ ዞሮ 998 እንዲሆንና «ጎድሏል» የሚል አንድ ምልክት ከአጠገቡ እንዲበራ ነው፤ «ሳይጎድል» የሚለውም ትእዛዝ ያን ምልክት ብቻ ይመለከታል። በእውነተኛ ፕሮሰሰሮች ውስጥም እንዲህ ያሉ ምልክቶች አሉ። በላይኛው ጫፍም እንደዚሁ ነው፤ 40 በ25 ሲባዛ በእኛ ማሽን 000 ይወጣል።

ፋይሉ ካለቀ በኋላ ላቦራቶሪ ውስጥ መትከል የሻይ ዕረፍት ያህል ሥራ ነው። ኢንተርኔት አያስፈልግም። አንዱ ኮምፒዩተር ፓይተን ከተጫነበት፥ ፓይተን ከራሱ ጋር ይዞት የሚመጣውን ትንሽ የድር ሰርቨር በአንድ መስመር ትእዛዝ ማስነሣት ይቻላል፤ ሌላ ካልተነገረው በ8000 ቁጥር በር ይጠብቃል። የሰርቨሩ አድራሻ ለምሳሌ 192.168.1.10 ቢሆን፥ በዚያው ዋይፋይ ላይ ያለ ስልክና ኮምፒዩተር ሁሉ 192.168.1.10:8000 ብሎ ገጹን ያገኛል። የኮምፒዩተሩ መከላከያ በሩን ዘግቶ እንደ ሆነ መክፈት ነው። ኔትወርክም ከሌለ ፋይሉን በፍላሽ እየቀዱ ማደል ይበቃል፤ ከአንድ ፎቶግራፍ ያነሰ ቦታ ይይዛልና። ለዚህ ሲባል ሁለት ነገሮች መጠበቅ አለባቸው። ጃቫስክሪፕቱ በዚያው ፋይል ውስጥ ይሁን፤ በሞጁል ከተከፋፈለ ብሮውዘሩ ከፍላሽ ላይ በቀጥታ ሲከፈት አይቀበለውም። በፋይሉ ራስ ላይም ጽሑፉ በዩቲኤፍ-8 መሆኑ ይገለጽ፤ ያለዚያ አማርኛው ትርጕም የሌለው የላቲን ፍርፋሪ ሆኖ ሊታይ ይችላል።

ለመጀመሪያው ትምህርት ከማባዛቱ ፕሮግራም ላይ «አቁም» የሚለውን መስመር አጥፍቶ ማስኬድን እመክራለሁ። ያን ጊዜ የተባዢው ሣጥን ወደ 14 ከፍ ይላል፤ ትንሹ ሰውም ውጤቱን ካወጣ በኋላ ሳይቆም እርሱን እንደ ትእዛዝ ያነበዋል። ተባዢው 7 ከሆነ 007 ማለት የመጀመሪያው አኀዝ ዜሮ ስለ ሆነ በዕድል ይቆማል፤ ተማሪውም ፕሮግራሜ ትክክል ነው ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። 604 እና 1 ቢያስገባ ግን 604 ለትንሹ ሰው «ሂድ 04» ማለት ነው። ወደ ዙሩ ይመለሳል፤ አባዢው ባዶ ስለ ሆነ ወደ መጨረሻ ይዘላል፤ 604 ብሎ ያወጣል፤ እንደ ገና 604ን ያነባል። የወጪ ቅርጫቱ እስኪሞላ 604፥ 604፥ 604 ይላል። ቁጥርና ትእዛዝ በአንድ ዓይነት ሣጥን ውስጥ መቀመጣቸው፥ ጆን ቮን ኖይማን በ1945 ስለ ኤድቫክ በጻፈው ሰነድ ውስጥ የሚገኘው ሐሳብ፥ ምን ማለት እንደ ሆነ በዚህ ይታያል። ይኸው ባሕርይ በጎ ሥራም አለው። ማሽኑ ከሣጥን 50 ጀምሮ የተደረደሩ ቁጥሮችን እንዲደምር ቢፈለግ፥ ፕሮግራሙ 150 የሚለውን የራሱን ትእዛዝ ጭኖ አንድ ደምሮበት 151 አድርጎ ይመልሰዋል።

ይህን ያለፈ ተማሪ ወደ 6502 ሊሻገር ይችላል። ለእርሱም የተሠሩ የብሮውዘር ኢሙሌተሮች አሉ፤ ከእነርሱም አንዱ በ2010 የቀረበው ቪዥዋል 6502 ፕሮሰሰሩን በማይክሮስኮፕ ፎቶግራፍ አንሥተው ትራንዚስተር በትራንዚስተር የቀዱት ሰዎች ሥራ ስለ ሆነ፥ ሽቦዎቹ ሲበሩና ሲጠፉ ያሳያል።

የቀረን 4 ቁጥር ነው። «አባዛ» የሚል ስም ሰጥተን በኢሙሌተሩ ውስጥ አንድ መስመር ብንጨምርለት የማባዛቱ ፕሮግራም ተቀበል፥ አኑር፥ ተቀበል፥ አባዛ፥ አውጣ፥ አቁም ብቻ ይሆናል፤ 33 የነበሩት እርምጃዎች 6 ይሆናሉ። 6502ም የማባዛት ትእዛዝ አልነበረውም፤ በእርሱ ላይ የሚጽፉ ሰዎች በመደመርና በማንሸራተት ያባዙ ነበር። ኢንቴል በ1978 ያወጣው 8086 ግን ነበረው።